እንደራሴ ማለት እንደ ራሴ ማለት ነው

(ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ የተሰጠ የታሪክ ንግግር)

በመንዝና በግሼ ደጋ፣ በመርሐ ቤቴም ከአምባው እስከ ቆላው ይህን ንግግር በሬዲዮ የምትሰሙ፣ በኋላም በዚህ ወረቀት ላይ የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ የዛሬው ርእሳችን የሕዝብ ወኪል ስለ መምረጥ ነው።

ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ ገና ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከአንድ ቃል እንጀምር። ቃሉ «እንደራሴ» ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። እን-ደ-ራ-ሴ። ለሁለት ብትከፍሉት «እንደ» እና «ራሴ» ይሆናል። እንደራሴ ማለት እኔ በሌለሁበት ቦታ እንደ እኔ ሆኖ የሚቆም ሰው ማለት ነው። እኔ ብገኝ የምናገረውን ይናገራል። እኔን የሚያመኝ ነገር እሱንም ያመዋል።

በድሮ ዘመን እንደራሴ የሚባለው ንጉሡ የሾመው ሰው ነበር። በንጉሡ ስም አገር ያስተዳድራል። ያን ጊዜ «እንደ ራሴ» ብሎ የሚልከው ንጉሡ ነበር። በኋላ ግን ቃሉ ወደ ሕዝቡ ወረደ። «የሕዝብ እንደራሴ» ተባለ። አሁን «እንደ ራሴ» ብሎ የሚልከው ሕዝቡ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ቃሉ ወደ ሕዝቡ ሲወርድ ሥልጣኑስ አብሮ ወርዷል ወይ? ይህን ለማወቅ ታሪኩን ከሥሩ እንመልከት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

የጓሳው ጠባቂዎች

ብዙ ሰው ምርጫ ከፈረንጅ አገር የመጣ ነገር ይመስለዋል። ግማሹ እውነት ነው። የምርጫው ወረቀትና ኮሮጆ ከውጭ የመጣ ነው። ሰው መርጦ አደራ መስጠት ግን በእኛው አገር የኖረ ነገር ነው። ማኅበር ሙሴውን ይመርጣል። እድር ዳኛውን ይመርጣል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ደግሞ ጓሳን ተመልከቱ።

ጓሳ የሚባለው የሳር ምድር በመንዝ ምሥራቅ ጫፍ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ብርዳም ቦታ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ለመንዝ ገበሬ ግን ጓሳ ኑሮው ነበር። ቤቱን የሚከድነው በጓሳ ሳር ነው። ገመድ የሚገምደው ከጓሳ ሳር ነው። ድርቅ ሲመጣ ከብቱን የሚያተርፈው በጓሳ ግጦሽ ነው።

ይህን ምድር ሕዝቡ ከ300 ዓመት በላይ በራሱ ሕግ ጠብቆት ኖሯል። ባለ መብቱ የአስቦና የጌራ ወገን ተብሎ በሁለት ይከፈል ነበር። ሁለቱም ወገኖች በየበኩላቸው አለቃ ይመርጣሉ። የተመረጡት አለቆች ጓሳው መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ያስታውቃሉ። አንዳንድ ጊዜ ጓሳው ለ3 ዓመት፣ ሲብስም እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። በተዘጋበት ጊዜ ሳር ያጨደ ወይም ከብት ያስገባ ሰው ይቀጣል። ሲከፈት ባለ መብቱ ሁሉ ገብቶ ያጭዳል።

ይህ ሥርዓት ለምን ያን ያህል ዘመን ጸና? ሦስት ምክንያት እናገኝለታለን።

አንደኛ፣ መራጩ የሚመርጠውን ሰው ያውቀዋል። ጠባዩን፣ ቤቱን፣ ቃሉን ያውቃል። ሁለተኛ፣ የተመረጠው ሰው ራሱ የሕዝቡ ችግር ተካፋይ ነው። የእሱም ቤት የሚከደነው በዚያው ሳር ነው። ሳሩ ቢያልቅ እሱም ያፈስበታል። ሦስተኛ፣ ሥራው በዓይን ይታያል። ጓሳው ለምልሞ ከቆየ አለቃው ሠርቷል። ጓሳው ከተራቆተ አልሠራም። ይህን ለማወቅ የተማረ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። ወጥቶ ማየት ብቻ ይበቃል።

ታዲያ ጉድለትም ነበረው። መብቱ በዘር ነበር። ከአስቦና ከጌራ ትውልድ ያልተቆጠረ ሰው በጓሳው ላይ ቃል አልነበረውም። አጥር ነበረበት ማለት ነው። ይህን አጥር አስታውሱት። ወደ ፊት ሌሎች አጥሮችም እናያለን።

«ሕዝቡ እስኪችል ድረስ»

አሁን ከመንዝ ተነሥተን አዲስ አበባ እንግባ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ለኢትዮጵያ ሰጡ። ሕገ መንግሥት ማለት የሕጎች ሁሉ የበላይ የሆነ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ፓርላማ ተቋቋመ። ፓርላማ ማለት ሕግ የሚመከርበት ሸንጎ ነው። ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩት። አንዱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ይባላል። የዚህን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይመርጧቸዋል። ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይባላል። እንደራሴ የሚባሉት የዚህኛው አባላት ናቸው።

እነዚህን እንደራሴዎች የመረጣቸው ማን ነው? ገበሬው አይደለም። ነጋዴው አይደለም። ሸማኔውና ቀጥቃጩም አይደለም። የመረጧቸው መኳንንትና የየአገሩ ሹማምንት ናቸው። ምክንያቱም በሕጉ ላይ ተገልጿል። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ፣ ለጊዜው በዚህ ዓይነት ይመረጡ የሚል ነው።

ይህን ነገር ያን ጊዜ አንድ የመንዝ ገበሬ ሰምቶ ቢሆን ምን ይል ነበር? እስቲ እናስበው። «ጌታዬ፣ እኛ እኮ የጓሳውን አለቃ ስንመርጥ የኖርን ነን። አባቶቻችንም መርጠዋል። ከመቼ ወዲህ ነው መምረጥ ያቃተን?» ሳይል አይቀርም ነበር። እርግጥ ነው፣ የሳር ምድር መጠበቅና ያገር ሕግ ማውጣት አንድ አይደለም። ነገር ግን ሰውን አይቶ፣ መዝኖ፣ አደራ የመስጠት ችሎታ ሕዝቡ ዘንድ ነበረ። ያልነበረው ዕድሉ ነው።

በሌላ በኩል ያ ሕግ አንድ በር ከፍቷል። ሕዝቡ አንድ ቀን ራሱ እንደሚመርጥ በጽሑፍ አምኗል። በጽሑፍ የታመነ ነገር ደግሞ ቆይቶ ይጠየቃል።

ቅኝ ገዥ ሲመጣ

ፓርላማው ብዙ ሳይቆይ በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ፓርላማው ተበተነ። ጣልያን የመጣው ቅኝ ሊገዛ ነው። ቅኝ መግዛት ማለት የሰውን አገር በጉልበት ይዞ፣ ለባለ አገሩ ሳይሆን ለራስ ጥቅም መግዛት ማለት ነው። እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት 5 ዓመታት የኢትዮጵያ ሕዝብ የመረጠው እንደራሴ አልነበረም። ትእዛዙ የሚመጣው ከሮም ነበር።

ሆኖም በዚያ ጨለማ ዘመን ሕዝቡ መሪውን መምረጥ አልተወም። በሸዋ ደጋና ሸለቆ የተነሡት አርበኞች በየአካባቢያቸው የጎበዝ አለቃ ነበራቸው። የጎበዝ አለቃ ሹመቱ ብዙ ጊዜ ከላይ የመጣ አልነበረም። ጀግንነቱንና ብልሃቱን ያዩ ጓደኞቹ የተቀበሉት ሰው ነው። ከሸዋ አርበኞች ሁሉ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ራስ አበበ አረጋይም በርሃ ላይ የቆዩት የደጋውና የቆላው ገበሬ ስለ ተከተላቸው፣ ስለ ደበቃቸው፣ ስንቅም ስላቀበላቸው ነው። ይህም አንድ ዓይነት ድምፅ መስጠት ነው። ያውም ነፍስ የተከፈለበት።

ከነጻነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. ፓርላማው እንደገና ተከፈተ። ነገር ግን እንደራሴን የመምረጡ ነገር ከመኳንንቱና ከባላባቱ እጅ አልወጣም።

የ1950 ዓ.ም. ምርጫ

በጥቅምት ወር 1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ። አሁን 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም ቢሆን፣ እንደራሴውን እንዲመርጥ ተፈቀደ። በዚህ መሠረት በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ተደረገ። ለ210 መቀመጫ ነበር የተመረጠው። ከዚያም ወዲህ በየ4 ዓመቱ ይመረጥ ጀመር። እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ 5 ጊዜ ተመርጧል።

ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በዚያ በመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። በሕዝብ ተመርጠው የኢትዮጵያ ፓርላማ አባል የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። ቀደም ሲል የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። በጣልያን ጊዜም ተማርከው ወደ ጣልያን አገር ተግዘዋል። እህቶቻችን ይህን ስም በደብተራችሁ ጻፉት። ስንዱ ገብሩ።

ይሁን እንጂ አጥር ነበረ። ድምፅ ለመስጠት ገንዘብ አያስፈልግም። ለመመረጥ ግን ያስፈልግ ነበር። ዕጩ፣ ማለትም ለመመረጥ የሚቀርበው ሰው፣ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። በዚያውም ላይ በሚመረጥበት አገር ቢያንስ 1,000 ብር የሚያወጣ መሬት ወይም ቤት፣ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ሌላ ንብረት ሊኖረው ይገባል።

በመንዝ መሬቱ ርስት ነበር። ብዙ ወንድማማች የሚካፈለው፣ አንዳንዱም ከአንድ ጥማድ የማያልፍ ነበር። አንድ ጥንድ በሬ፣ ጥቂት በግና ከሱፍ የተሠራ ባና ያለው ገበሬ 1,000 ብር ከየት ያመጣል? ስለዚህ ገበሬው መራጭ እንጂ ተመራጭ ሊሆን አልቻለም። ጓሳውን ሲጠብቅ የኖረ ብልህ ሰው፣ ንብረቱ ስላልሞላ ብቻ፣ ለፓርላማ መቅረብ አይችልም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ፓርቲ ማለት በአንድ ሐሳብ የተስማሙ ሰዎች ማኅበር ነው። ፓርቲ ስለሌለ ገበሬው ሐሳብ ከሐሳብ አያወዳድርም። የሚያወዳድረው ስምን ከስም ነው። ስሙ የሚታወቀው ደግሞ ባለ ርስቱ፣ ባለ ሹመቱ ነው። ከሕዝቡም የሚበዛው ማንበብ አይችልም ነበር። ከጀማና ከወንጪት ሸለቆ የሚወጣው የመርሐ ቤቴ ቆለኛ፣ በውርጭ የሚነሣው የግሼ ደገኛ፣ ያልገባውን ወረቀት ይዞ መቆም ምን ይጠቅመኛል ቢል አይፈረድበትም።

ሁለት አጥሮች

እዚህ ላይ ጎረቤት አገር ኬንያን እንመልከት። ኬንያ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። የኛ የመጀመሪያ ምርጫ ከመደረጉ ከ6 ወር በፊት፣ በመጋቢት 1949 ዓ.ም.፣ ጥቁር ኬንያውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ወኪሎቻቸውን ለቅኝ ገዥው ምክር ቤት መረጡ። የተፈቀደላቸው 8 ወኪል ነው። በቁጥር እጅግ ጥቂት የነበሩት ነጮች ግን 14 ወኪል ነበራቸው። ጥቁር ኬንያዊ ድምፅ ለመስጠት በትምህርት፣ በገቢ ወይም በንብረት ይመዘን ነበር። መመዘኛውን በብዛት ያሟላ እስከ 3 ድምፅ ይሰጣል። ያላሟላው አይመርጥም።

እንግዲህ አስተያዩ። በኬንያ አጥሩ የታጠረው በመራጩ ላይ ነው። በእኛ አገር አጥሩ የታጠረው በተመራጩ ላይ ነው። አጥሩ ቦታ ይለዋወጣል እንጂ ሥራው አንድ ነው። ድሃው ራሱን እንዳይልክ ያደርጋል።

ታዲያ የኬንያ ሰዎች ምን አደረጉ? ምርጫው ጠማማ ነው ብለው ቤታቸው አልተቀመጡም። ተመዝግበው መረጡ። ከተመረጡት 8 ሰዎች መካከል ቶም ምቦያ፣ ኦጊንጋ ኦዲንጋና ዳንኤል አራፕ ሞይ ይገኙበታል። እነዚህ 8 ወኪሎች ምክር ቤት ገብተው ዝም አላሉም። የሚኒስትርነት ሹመት ሲቀርብላቸው አንቀበልም አሉ። «በመጀመሪያ የወኪሎቻችን ቁጥር ይጨመር» አሉ። በሚከተለው ዓመት 6 መቀመጫ ተጨመረላቸው። በኅዳር መጨረሻ ሳይሆን በታኅሣሥ 2 ቀን 1956 ዓ.ም. ኬንያ ነጻ ወጣች። ነጻነቱን ያመጣው ምርጫው ብቻ አይደለም። በጫካ የተዋጉም፣ የታሰሩም፣ የሞቱም ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ጠባብ በር ቢሆንም ገብተው በሩን ከውስጥ አሰፉት።

ያልተወከለ ሰው ምን ይደርስበታል?

አንዳንድ ሰው «ፓርላማ የሩቅ ነገር ነው፤ ለእርሻዬ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ሦስት ነገሮች እናስታውስ።

የመጀመሪያው ግብር ነው። በ1960 ዓ.ም. ፓርላማው የእርሻ ገቢ ግብር ሕግ አጸደቀ። በጎጃም ያለው ገበሬ ይህ ሕግ ርስቱን የሚያስነጥቀው መሰለው። መሣሪያ አንሥቶ ተነሣ። ወታደር ዘመተ፤ ሰው ሞተ። በመጨረሻም መንግሥት ወደ ኋላ ማለት ግድ ሆነበት። እስቲ አስቡት። ጎጃም በዚያ ፓርላማ ውስጥ እንደራሴዎች ነበሩት። የገበሬው ሥጋት በሸንጎው ቀድሞ ተነግሮና ተሰምቶ ቢሆን፣ በጥይት መነገር ባላስፈለገው ነበር።

ሁለተኛው የጢሰኛው ጉዳይ ነው። ጢሰኛ ማለት የሰው መሬት አርሶ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ለባለ መሬቱ የሚሰጥ ገበሬ ነው። በተለይ በደቡብ የአገራችን ክፍል ብዙ ጢሰኛ ነበር። ጢሰኛውን ከመፈናቀል የሚጠብቅ ሕግ ተረቆ ቀርቦ ነበር። ፓርላማው ግን እስከ መጨረሻው ሳያጸድቀው ቀረ። ለምን? ከእንደራሴዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ባለ መሬት ነበሩ። የንብረቱን አጥር አስታውሱ። አጥሩ ያስገባው ባለ መሬቱን ነው። ባለ መሬት በራሱ ላይ ይፈርዳል ወይ?

ሦስተኛው ረሀብ ነው። የመጨረሻው የንጉሡ ዘመን ምርጫ የተደረገው በ1965 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ልክ በዚያው ጊዜ ከግሼ በስተሰሜን በሚገኘው በወሎ ሕዝብ በረሀብ ይረግፍ ነበር። መንግሥት ነገሩን ደብቆት ነበር። በአንድ በኩል የምርጫ ወረቀት ይታደላል። በሌላ በኩል ሰው በመንገድ ዳር ይወድቃል። የራብተኛውን ጩኸት አገር እንዲሰማው የማያደርግ ምርጫ ምን ዓይነት ምርጫ ነው? ከዓመት በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ፓርላማውም ተዘጋ።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ገበሬው በማኅበር ተደራጀ። የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበሩንና የፍርድ ሸንጎውን ዳኞች ይመርጥ ጀመር። ንብረት የሚለው አጥር ፈረሰ። ድሃ ገበሬም ተመረጠ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ብዙ ሚሊዮን ሰው ፊደል ቆጠረ። በአውራ ጣቱ ይፈርም የነበረ ሰው ስሙን መጻፍ ቻለ።

ነገር ግን አዲስ አጥር ተሠራ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ። መቀመጫው 835 ነበር። ለአንድ መቀመጫ እስከ 3 ዕጩ ይቀርባል። ዕጩዎቹ ግን በአንዱ ፓርቲ፣ በኢሠፓ፣ ወንፊት ያለፉ ነበሩ። ሦስት ሰው ቀርቦ ሦስቱም አንድ ቃል ከተናገሩ ምርጫው የቱ ላይ ነው?

በመንዝም ሌላ ነገር ሆነ። የመሬት አዋጁ የድሮውን የጓሳ ሥርዓት አስቀረው። የዘሩ አጥር ፈረሰ፤ ይህ መልካም ነበር። የተመረጡት ጠባቂዎች ግን አብረው ቀሩ። ጠባቂ የሌለው ሳር የሁሉም ሆነ፤ የሁሉም ስለ ሆነም የማንም አልሆነም። ጓሳው ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ መክሮ፣ ኮሚቴ መርጦ፣ እንደገና መጠበቅ ጀመረ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በደንብ አወቀው። የተጎዳ ሳር እንደገና ይበቅላል። የተጎዳ የምርጫ ልማድም እንዲሁ ነው፤ ጠባቂ ካገኘ ያገግማል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። በዚህ ሕግ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ይመርጣል። ፓርቲዎችም ይወዳደራሉ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ። በአዲስ አበባ ተቃዋሚዎች የፓርላማውን መቀመጫ ሁሉ አሸነፉ። ከዚያ በኋላ ግን በውጤቱ ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሡት ግጭቶች ከ190 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ያዙ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌላ ምርጫ ተደረገ። በጸጥታ ችግር ምክንያት ግን ድምፅ ያልተሰጠባቸው ቦታዎች ነበሩ። ምርጫ ሰላም ይፈልጋል። ጥይት በሚጮህበት ቦታ የሰው ድምፅ አይሰማም።

ይህን ሁሉ ስትሰሙ «እንግዲያስ ምን አደከመን? ዝም አይነቅዝም» የሚል ይኖራል። ይህ ተረት የአባቶች ነው፤ እናከብረዋለን። ለብቻው ተይዞ ግን ይጎዳል። እውነት ነው፣ ዝም ያለ ሰው ቃሉ አይነቅዝም። ጎተራው ግን ይነቅዛል። ግብሩን ሌላው ይወስንለታል። መንገዱን፣ ሐኪም ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን ሌላው ይወስንለታል።

ምን እናድርግ?

«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?» የሚል ሰው ወደ ጓሳ ይመለስ። አንድ አባወራ «የእኔ አንዲት በግ ምን ታጎድላለች?» ብሎ በተዘጋ ጓሳ ቢያስገባ፣ ጎረቤቱም እንዲሁ ቢል፣ ሳሩ ምን ይሆናል? ያልቃል። ጥፋት ከአንድ ከአንድ ይጠራቀማል። ልማትም እንዲሁ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ምርጫ ሲመጣ እንዲህ አድርጉ።

በጊዜው ተመዝገቡ። ካርዳችሁን ስትቀበሉ ስማችሁ በትክክል መጻፉን ራሳችሁ አንብቡ። ፊደል የተማራችሁት ለዚህም ነው።

ዕጩው ሲመጣ ጠይቁት። የት ትኖራለህ? የእኛን ችግር ታውቀዋለህ? ከተመረጥህ በኋላ ስንት ጊዜ ተመልሰህ ትመጣለህ? በሬ ስትገዙ ጥርሱን ታያላችሁ፤ አስነሥታችሁ ታስኬዱታላችሁ። እንደራሴ ከበሬ ያነሰ አይደለምና ሳይመረመር አይወሰድ።

ድምፃችሁን አትሽጡ። በአንድ ቀን ግብዣ የተሸጠ ድምፅ ለ5 ዓመት ያስርባል። ለማንም ብላችሁ በፍርሃት አትምረጡ። የምርጫው ድምፅ በምስጢር የሚሰጥ ነው። ባል የሚስቱን፣ አባት የልጁን፣ ሹም የገበሬውን ድምፅ ሊያዝበት አይገባም። እህቶቻችንም ከቤት አትቅሩ። ውሃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቀመው፣ የታመመ ልጅ ታዝሎ ጤና ጣቢያ የሚኬደው በእናንተ ጉልበት ነው። ጉዳዩን ከእናንተ የበለጠ ማን ያውቀዋል?

ከተመረጠም በኋላ አትተኙ። የጓሳው አለቃ ሥራው ስለሚታይ ነበር የጸናው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይናገራል። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። እንደራሴ ግን ሰማይ አይደለም፤ ንጉሥም አይደለም። የላካችሁት ሰው ነው። የላከ ይጠይቃል። የተላከ ይመልሳል።

በመጀመሪያ የጠየቅነው ጥያቄ ቃሉ ወደ ሕዝቡ ሲወርድ ሥልጣኑስ ወርዷል ወይ የሚል ነበር። ከታሪኩ እንዳየነው ሥልጣን በአዋጅ ብቻ አይወርድም። በ1923 ዓ.ም. ሕዝቡ እስኪችል ይቆይ ተባለ። በ1950 ዓ.ም. በንብረት ታጠረ። በ1979 ዓ.ም. በአንድ ፓርቲ ታጠረ። አጥሩ በተሠራ ቁጥር የሚያፈርሰው የሚጠይቅ ሕዝብ ነው። የሚጠይቅ ሕዝብ ደግሞ የሚያነብ፣ የሚሰበሰብና በቀኑ የሚገኝ ሕዝብ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. እንደራሴ የሚለውን ቃል በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
2. የጓሳው አለቃ አመራረጥ ምን መልካም ነገር ነበረው? ምን ጉድለት ነበረው?
3. በ1950 ዓ.ም. ምርጫ ድሃ ገበሬ መምረጥ ይችል ነበር? መመረጥስ ይችል ነበር? ለምን?
4. በእናንተ ቀበሌ እንደራሴው መጥቶ ያነጋገራችሁ መቼ ነው? ቢመጣ በመጀመሪያ ምን ትጠይቁታላችሁ? ጥያቄያችሁን በደብተራችሁ ጻፉት።

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ንግግራችን እዚህ ላይ ያበቃል። ያነበበ ላላነበበ ያንብብለት። ደኅና ሁኑ።